ባልቶሮ፦ በኬቱ እግር ሥር የሚጓዘው በረዶ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ወደ ሰሜን ፓኪስታን፣ ካራኮረም ወደሚባለው የተራራ ሰንሰለት ያመራል። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪና የሚደርሰው እስከ አስኮሌ ነው። አስኮሌ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ገብስ፣ ስንዴና ድንች የሚበቅልባት የባልቲ ሕዝብ መንደር ናት። ከእሷ ወዲያ ሱቅ የለም፣ መንደር የለም፣ የሚታረስ መሬትም የለም። ብራልዱ የሚባለውን አመድማ ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ ሁለት ሦስት ቀን የተጓዘ መንገደኛ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር የዘጋ ግራጫ የድንጋይ ክምር ያጋጥመዋል። ከክምሩ ግርጌ ጥቁር ዋሻ ተከፍቷል፤ ወንዙ የሚወጣው ከዚያ ነው። መንገደኛው ድንጋዩን በእጁ ገለጥ ቢያደርግ ከሥሩ የሚያገኘው ጠጣር በረዶ ነው። ባልቶሮ የሚባለው የበረዶ ግግር የሚያበቃው እዚህ ነው። የሚጀምረው ግን ከዚህ 63 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ርቆ ነው።

ከሰሜንና ከደቡብ ዋልታ አካባቢዎች ውጭ ይህን ያህል ርዝመት ያላቸው የበረዶ ግግሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አፈጣጠራቸው ግን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በከፍተኛው ተራራ ላይ በብርዱ ወራት የወረደው በረዶ በሙቀቱ ወራት ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ዓመት በረዶ በላዩ ይከመራል። ክምሩ ለብዙ ዓመታት ሲደራረብ የታችኛው በላይኛው ክብደት እየተጫነ በውስጡ የነበረው አየር ይወጣለታል፤ ይጠጥራል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ያወጣል። ከዚያ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል መጓዝ ይጀምራል። ባልቶሮ በፈጣኑ ክፍሉ በዓመት ከ100 ሜትር በላይ ይጓዛል። ለዓይን የቆመ ይመስላል፤ ሌሊት ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው ግን ከሥሩ በረዶው ሲሰነጠቅ፣ ከጎኑም ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል።

ሁለቱ ታላላቅ ቅርንጫፎቹ የሚገናኙበት ሥፍራ ኮንኮርዲያ ይባላል። ስሙን የሰጠው በ1892 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ማርቲን ኮንዌይ ሲሆን፣ በአልፕስ ተራሮች ካለ ተመሳሳይ ሥፍራ የወሰደው ነው። ኮንኮርዲያ በ4,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ የወጣ ኢትዮጵያዊ የአገሩን ጣሪያ ረግጧል፤ ኮንኮርዲያ ላይ ግን ከዚያ ጋር በሚቀራረብ ከፍታ የቆመ ሰው ገና ከተራሮቹ እግር ሥር ነው። ወደ ሰሜን ሲመለከት 8,611 ሜትር የሆነው ኬቱ፣ ከኤቨረስት ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ተራራ፣ ከቆመበት ሌላ 4,000 ሜትር ወደ ላይ ተነስቶ ይታየዋል። ከጎኑ ብሮድ ፒክ በ8,051 ሜትር ይቆማል። ትንሽ ዞር ሲል የጋሸርብሩም ቤተሰብ አለ፤ አንደኛው 8,080፣ ሁለተኛው 8,035 ሜትር ነው። በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር የሚበልጡ ተራሮች 14 ብቻ ሲሆኑ አራቱ የተሰባሰቡት በዚህ በረዶ ራስጌ ነው። 8,000 ለመሙላት 75 ሜትር የጎደለው ጋሸርብሩም አራተኛ በዚህ ጉባኤ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ሌላ አህጉር ላይ ቢሆን ግን ከሁሉም በላይ ይነግሥ ነበር።

ኬቱ የሚለው ስያሜ የቀያሽ ምልክት ነው። በ1856 ቶማስ ሞንትጎመሪ የተባለ የእንግሊዝ ቀያሽ በካሽሚር ከሃራሙክ ተራራ ላይ ሆኖ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚታዩ ሁለት ጫፎችን በማስታወሻው ላይ ኬ1 እና ኬ2 ብሎ መዘገበ። ኬ1 ማሸርብሩም የሚባል የታወቀ የአገሬው ስም ስለነበረው ቁጥሩ ተረሳ፤ ኬ2 ግን ቁጥሩን እንደያዘ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኬቱ ተብሎ ቀረ። ተራራው በግግሩ ራስጌ ተደብቆ ስለሚገኝ ከአስኮሌ እንኳ አይታይም።

በባልቶሮ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ ያልሆነ አንድ ሰው አለ፤ የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ አሜዴዎ። ይህ የጣሊያን ንጉሣዊ ቤተሰብ አባል በ1906 በምሥራቅ አፍሪካ የሩዌንዞሪን ጫፎች ከወጣ በኋላ በ1909 ወደ ካራኮረም ዘመተ። በኬቱ ላይ የሞከረው ደቡብ ምሥራቃዊ ሸንተረር ዛሬም በስሙ የአብሩዚ ሸንተረር ይባላል፤ አብዛኞቹ ተራራ ወጪዎች የሚጠቀሙበት መንገድም እሱ ነው። ኬቱን ባይወጣም ቾጎሊሳ በተባለው ተራራ ላይ 7,500 ሜትር ገደማ ደርሶ በዘመኑ የዓለምን የከፍታ ክብረ ወሰን ያዘ። ይኸው መስፍን በ1928 እና በ1929 የዋቢ ሸበሌን ወንዝ ከኢትዮጵያ ደጋ ጀምሮ ቁልቁል አጥንቷል። ከወንዙ ዳር በሶማሊያ ባቋቋመው የእርሻ መንደር ኖሮ በ1933 እዚያው አረፈ።

ከመስፍኑ ጋር ወደ ባልቶሮ የሄደው ፎቶግራፍ አንሺ ቪቶሪዮ ሴላ ይባላል። ሴላ በዚያ ከፍታ፣ ሰው ራሱን መሸከም በሚያቅተው ቦታ፣ ትልቅ ካሜራ ይዞ ያነሳቸው ሥዕሎች ለዛሬው ሳይንስ ከመስፍኑ የከፍታ ክብረ ወሰን የበለጠ ጠቅመዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2009፣ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ፋቢያኖ ቬንቱራ የተባለ ጣሊያናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ሴላ የቆመባቸውን ሥፍራዎች ፈልጎ በማግኘት እነዚያኑ እይታዎች ደግሞ አነሳ። በአልፕስ ተራሮች ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ልዩነቱ ያስደነግጣል፤ በረዶው ተሟጦ ባዶ ድንጋይ ይታያል። በባልቶሮ ግን የሁለቱ ዘመን ሥዕሎች በአመዛኙ ይመሳሰላሉ። ወደዚህ ነገር ቆየት ብለን እንመለሳለን።

በረዶው እንደሚጓዝ የሚመሰክሩት የሳይንስ መሣሪያዎች ብቻ አይደሉም። በ1939 ዳድሊ ዉልፍ የተባለ አሜሪካዊ ኬቱ ላይ ከ7,000 ሜትር በላይ በሆነ ካምፕ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ሊያወርዱት የወጡት ሦስት ሼርፓዎች ነበሩ፤ ፓሳንግ ኪኩሊ፣ ፓሳንግ ኪታርና ፊንሱ። ሦስቱም አልተመለሱም። የዉልፍ አጽም በ2002 ከተራራው ግርጌ በረዶ ላይ ተገኘ፤ ከ63 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1953 በዚያው ተራራ የሞተው የአርት ጊልኪ ቅሪትም እንዲሁ በ1993 ብቅ ብሏል። ግግሩ የወሰደውን በራሱ ጊዜ ይመልሳል።

ወደ በረዶው ገጽ እንውረድ። ባልቶሮን ነጭ ሜዳ አድርጎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። የታችኛው ክፍሉ ከተራሮቹ በተናደ ቋጥኝ፣ ኮረትና አሸዋ የተሸፈነ ነው። ከግግሩ ስፋት ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለ የድንጋይ ልባስ አለው። መንገዱ የሚሄደው በዚህ ድንጋይ ላይ ነው፤ ሲረገጥ የሚንሸራተት፣ ትናንት የነበረው ዱካ ዛሬ የሚጠፋበት መንገድ።

ድንጋዩ ለበረዶው ጠላትም ወዳጅም ነው። ስስ አቧራ ወይም ጥቂት ኮረት በበረዶ ላይ ሲበተን ጥቁር ስለሆነ የፀሐይን ሙቀት ይስባል፤ ሙቀቱን ወዲያው ወደ በረዶው ያሳልፋል፤ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። ልባሱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ ሲወፍር ግን ነገሩ ይገለበጣል። የላይኛው ድንጋይ ቀን ይሞቃል፤ ሙቀቱ ወደ ታች ሰርጾ በረዶው ጋ ሳይደርስ ሌሊቱ ይመጣና ድንጋዩ ይበርዳል። ስለዚህ ወፍራም የድንጋይ ልባስ ያለበት በረዶ ራቁቱን ካለው በረዶ በዝግታ ይቀልጣል። ይህን በዓይን ለማየት ወደ ኮንኮርዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን የበረዶ ጠረጴዛዎች መመልከት ይበቃል። አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ከሥሩ ያለውን በረዶ ከፀሐይ ይከልላል። በዙሪያው ያለው በረዶ ሲቀልጥና ገጹ ዝቅ ሲል ቋጥኙ በበረዶ አምድ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ፀሐይ የምታገኘው የደቡቡ ጎን ቀድሞ እየሟሟ አምዱ ሲያጋድል ቋጥኙ ይወርዳል። ከዚያም በወደቀበት ቦታ ሥራውን እንደገና ይጀምራል።

ከዚህም የሚደንቁት ከግራጫው ድንጋይ መሐል ለብቻቸው የሚቆሙት ነጭ የበረዶ ፒራሚዶች ናቸው። ትልልቆቹ ከ20 ሜትር ያልፋሉ፤ የስድስትና የሰባት ፎቅ ቤት ያህል መሆኑ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ፒራሚዶች የሚበቅሉባቸው የበረዶ ግግሮች ጥቂት ናቸው።

ይህን ሁሉ ለማየት የሚሄደው እንግዳ ድንኳኑን፣ ምግቡንና ገመዱን የሚያሸክመው ለባልቲ ሰዎች ነው። የአንድ ሰው ሸክም 25 ኪሎ ነው፤ የራሱ ስንቅና መኝታ በዚያ ላይ ይታከላል። ክፍያው በተለምዶ በተጓዙበት ቀን ብዛት ሳይሆን በመንገዱ ምዕራፍ ይሰላል። ወደ ግግሩ ከመግባታቸው በፊት የመጨረሻዎቹ ዛፎች ባሉበት ፓይጁ በሚባል ሰፈር አንድ ቀን ያርፋሉ። በዚያ ቀን ፍየል ይታረዳል፤ ለሚቀጥሉት ቀናት የሚሆን ዳቦም ይጋገራል። የዳቦው አሠራር የሰሜን ኢትዮጵያን እረኛ የሚያስፈግግ ነው፤ ድንጋይ በእሳት ይግላል፣ ሊጡ በድንጋዩ ላይ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ፍም ዳር ይቀመጣል። ከውስጥም ከውጭም ይበስላል። ባልቲዎች ኩርባ ይሉታል፤ ብርኩታ በልቶ ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

ማታ ማታ ተሸካሚዎቹ የሚያድሩት በድንጋይ በተካበ ክብ አጥር ውስጥ ነው። አጥሩ ከጉልበት ብዙም አያልፍም፤ በላዩ ላስቲክ ይወጠራል፣ ከሥሩ በረዶ አለ፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ። የተራራ ወጪዎችን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ግን እነዚህን ሰዎች በስም ሲጠሩ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ከታወቁት ጥቂቶች አንዱ በቁመቱ ማጠር ትንሹ ከሪም የተባለው የሁሼ መንደር ሰው ነው። በ1978 አንድ የእንግሊዝ ቡድን ቁመቱን አይቶ አንቀጥርህም ሲለው፣ የቡድኑን መሪ ከመሬት ብድግ አድርጎ ተሸክሞት እንደሮጠ ይነገራል። በ1985 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ማርክ ቧቫን ከጋሸርብሩም ሁለተኛ ጫፍ ላይ ሲበር፣ የመብረሪያውን ክንፍ እዚያ ድረስ የተሸከመለት ይኸው ከሪም ነበር። በረራው በመላው ዓለም ተወራ።

የአሚር ማህዲ ታሪክ ግን አያስቅም። ኬቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው በጁላይ 31 ቀን 1954 ሲሆን፣ በአርዲቶ ዴዚዮ ከተመራው የጣሊያን ቡድን አኪሌ ኮምፓኞኒና ሊኖ ላቼደሊ ጫፉን ረገጡ። ለዚህ ያበቃቸውን የኦክስጅን ጠርሙስ የዋዜማው ዕለት ወደ ላይ የተሸከሙት ወጣቱ ዋልተር ቦናቲና የሁንዛው ተወላጅ አሚር ማህዲ ነበሩ። ሁለቱ ቦታው ሲደርሱ ድንኳኑ በተባለበት ሥፍራ አልነበረም። ወደ ላይ መውጣትም ወደ ታች መውረድም በማይቻልበት ጨለማ፣ 8,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያለ ድንኳንና ያለ መኝታ ከረጢት በበረዶ ላይ ቁጭ ብለው አነጉ። ማህዲ እንደ ጣሊያኖቹ ያለ የተራራ ጫማ አልነበረውም። ነፍሱ ተረፈች፤ የእግሩ ጣቶች ግን ተቆረጡ። ከዚያ በኋላ ተራራ አልወጣም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የተነሳው ክርክር ግማሽ ምዕተ ዓመት ከፈጀ በኋላ የጣሊያን አልፓይን ክለብ የቦናቲን ቃል ትክክል ብሎ ተቀበለ። የዘገየ ፍርድ ነው፤ ለማህዲማ ከናካቴው አልደረሰለትም።

ስለ ባልቶሮ ሲወራ የሚቀረው ሌላው ነገር የባልቲዎች የበረዶ እውቀት ነው። በባልቲስታን የበረዶ ግግር ወንድና ሴት አለው። በድንጋይ የተሸፈነው፣ ጥቁሩ፣ በዝግታ የሚጓዘውና ውኃ የሚቆጥበው ወንድ ነው። ነጩ፣ ውኃ የሚለግሰው ሴት ናት። ከላይ እንዳየነው ሳይንስ የድንጋይ ልባስን ጥቅምና ጉዳት የሚለካው በመሣሪያ ነው፤ እነዚህ ገበሬዎች ግን ልዩነቱን ለይተው ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። የመስኖ ውኃ የሚያጥራቸው መንደሮች ሁለቱን ያጋባሉ። ከወንዱም ከሴቷም በረዶ ተቆርጦ በቅርጫት ይጫናል፤ ሰዎች በጀርባቸው ተሸክመው ከፍ ወዳለና ፀሐይ ወደማይደርስበት ገደል ይወስዱታል። በመንገድ ላይ ሸክሙ መሬት መንካት የለበትም፤ በአንዳንድ ቦታ መነጋገርም ክልክል ነው። ከቦታው ሲደርሱ ሁለቱን በረዶ ባንድ ላይ ያኖሩና ከሰል፣ ገለባና ውኃ የተሞላ ቅል ጨምረው ይቀብሩታል። ከዚያ ለዓመታት መጠበቅ ነው። የውጭ ተመራማሪዎች ነገሩን እንደ ተረት አላለፉትም፤ ወደ መንደሮቹ ሄደው ሥፍራዎቹን መዝግበዋል።

የውኃው ጉዳይ ቀልድ እንዳልሆነ ለማወቅ ስካርዱን ማየት ይበቃል። የአካባቢው ዋና ከተማ ስካርዱ በዓለም ታላላቅ በረዶዎች ደጃፍ ተቀምጣ ሳለ ዳርቻዋ የአሸዋ ክምር ያለበት በረሃ ነው። ተራሮቹ ዝናቡን ስለሚያስቀሩባት በዓመት የምታገኘው እጅግ ጥቂት ነው። አፕሪኮቱም፣ ገብሱም፣ ጥላ የሚሰጠው ዛፍም የሚለመልመው በቦይ በመጣ የበረዶ ውኃ ብቻ ነው። ቦዩ እስከደረሰበት አረንጓዴ ነው፤ ከቦዩ አንድ እርምጃ ወዲያ ደረቅ ድንጋይ።

አሁን ወደ ሴላና ወደ ቬንቱራ ሥዕሎች እንመለስ። የዓለም የተራራ በረዶ በአብዛኛው እየተመናመነ ባለበት ዘመን የካራኮረም በረዶዎች ባሉበት መቆየታቸው፣ አንዳንዶቹም መጨመራቸው ሳይንቲስቶችን ግራ አጋብቶ ነበር። ካናዳዊው የጂኦግራፊ ምሁር ኬኔት ሂዊት በ2005 ይህን የካራኮረም ለየት ያለ ጠባይ በጽሑፍ አወጣው። ምክንያት ተብለው ከሚጠቀሱት አንዱ ነፋስ ነው። አብዛኛው የሂማላያ ክፍል በረዶውን የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ዝናብ ነው። ካራኮረም ግን በብርዱ ወራት ከሜዲትራንያን አቅጣጫ በሚመጣ የምዕራብ ነፋስም ብዙ በረዶ ያገኛል። ቦታውም እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ የሙቀት ጭማሪው ገና ወደ መቅለጫው ነጥብ አላደረሰውም ነበር።

ነበር የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣና የዓለምን የበረዶ ግግሮች በሙሉ ለማለት በሚያስችል ስፋት በሳተላይት የለካ ጥናት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጥቂቱ ይወፍሩ የነበሩት የካራኮረም በረዶዎች በ2010ዎቹ መጨረሻ እየሳሱ መምጣታቸውን አሳይቷል። ባልቶሮ ዛሬም ግዙፍ ነው፤ ነገ ጠዋት አይጠፋም። አድማጮች ግን ይህ የካራኮረም ጉዳይ በመጻሕፍት ውስጥ «የአየር ንብረት ለውጥ ሁሉን ቦታ አይነካም» ለማለት ሲጠቀስ ቢያዩ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ይመልከቱ።

በረዶው ላይ ሌላ ጫናም አለ። ከ1984 ጀምሮ ሕንድና ፓኪስታን በአጎራባቹ ሲያቸን ግግር ሰበብ ፊት ለፊት ተፋጠው ስለተቀመጡ በባልቶሮ ላይ የፓኪስታን ወታደሮች ሰፈሮች አሉ። ስንቃቸውና ነዳጃቸው በበቅሎና በሄሊኮፕተር ይወጣል። ባዶ ጣሳው፣ የጋዝ ቆርቆሮውና የሰው እዳሪው ግን በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከተራራ ወጪዎች ቡድኖች የሚቀረውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም። አካባቢው ከ1993 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የጽዳት ዘመቻ ይደረግበታል።

ከባልቶሮ ዋሻ የወጣው ውኃ ብራልዱ ሆኖ ወደ ሺጋር ወንዝ ይገባል፤ ሺጋር ስካርዱ አጠገብ ከኢንደስ ጋር ይቀላቀላል። ኢንደስ ተራሮቹን ሰንጥቆ ወጥቶ በ1976 ወደተጠናቀቀው ታርቤላ ግድብ ይደርሳል። ወደዚያ ግድብ ከሚገባው ውኃ የሚበዛው ከላይ የቀለጠ በረዶ ነው፤ ከግድቡ በታችም የፑንጃብና የሲንድ ገበሬዎች ስንዴያቸውን፣ ሩዛቸውንና ጥጣቸውን የሚያጠጡት በዚሁ ውኃ ነው።